ከዚሩ ሥር የከረመው ሲጋር

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ አንድ የሚያብረቀርቅ የእንጨት ሳጥን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ጎንደር ላይ ሆቴል ከከፈተ ወዲህ ለእንግዶቹ ሲል የማያስመጣው ነገር የለም። ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ሲከፍተው አውራ ጣት አውራ ጣት የሚያህሉ ሲጋሮች ተደርድረዋል፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ የእጅ ሰዓት የምትመስል፣ መርፌ ያላት ነገር ተሰክታለች። "ጋሼ፣ ይቺ እርጥበቱን ትለካለች" አለኝ፣ ለማያውቅ ሰው በሚነገርበት ድምፅ። "መርፌዋ ከሰባ ብዙ መውረድም ብዙ መውጣትም የለባትም። ከወረደች ቅጠሉ ይሰነጠቃል፣ ከወጣች ይሻግታል። እዚህ አገር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።" እኔ ግን እየሰማሁት አልነበረም። ሽታው ቀድሞ ይዞኝ ሄዷል። የዝግባ እንጨት፣ የደረቀ ቅጠል፣ ትንሽም የማር ጠረን ያለበት ሽታ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ አፍንጫዬ አልረሳውም። "ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ መተማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያለ መርፌ ሠርቼዋለሁ" ስለው ሳቀብኝ። እንግዲህ ለሱ ብዬ ጀምሬ ለራሴ የጻፍኩት ይኸው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም፤ እኔ የማስታውሰው በልብስ ነው። እግሩ የሚሰፋው ሱሪ አዲስ አበባ ላይ ከፋሽን ወጥቶ መተማ ላይ ገና የገባበት ጊዜ ነበር። እኔም አንድ ቡናማ ነበረኝ። በክረምት የዋልካው ጭቃ ከሱሪው አፍ ተነሥቶ እስከ ጉልበቴ ስለሚወጣ ባለቤቴ ያልጋነሽ ስታጥበው "ይሄ ሱሪ ነው ወይስ የእርሻ ዕቃ?" ትለኝ ነበር። ሻይ በዐሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፣ ደህና ፍየል በሃያ ብር ይገዛል። ከኬላው ወረድ ብሎ የነበረው ሻይ ቤት ከጠዋት ጀምሮ የሱዳን ካሴት ያዘፍናል፤ ቃሉ የሚገባን ጥቂቶች ነን፣ ዜማውን ግን ከደጋ ለአጨዳ የወረደው ጎጃሜ ሳይቀር እያፏጨ ነው ማሳ የሚገባው። ዛሬ ባጃጁ በሚርመሰመስበት መንገድ ያን ጊዜ የሚያልፈው አህያና ነጭ ጀለቢያ የለበሰ የጋላባት ነጋዴ ነበር። ስለ ፖለቲካው አልጽፍም። ረቡዕ ረቡዕ የውይይት ክበብ እንደነበረ፣ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንደማንቀላፋ ብቻ ልናገር።

ሥራዬ የመንግሥት እርሻ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነበር፤ በዋናነት ሰሊጥ። ሰሊጥን የማያውቅ ሰው ቀላል እህል ይመስለዋል። ነዶው ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ቁልል ተደርጎ ማሳው ላይ ቆሞ ሳይደርቅ የተራገፈ እንደሆነ፣ ወይም ደግሞ አንድ እርጥብ ጆንያ ከደረቁ መሐል የገባ እንደሆነ፣ ክምሩ ከውስጥ መሞቅ ይጀምራል። ከዚያ ይጠቁራል፣ ይመራል፣ በመጨረሻም ኃላፊው ይጠየቃል። ስለዚህ እኔ እርጥበትን እንደ ግል ጠላቴ ነበር የማየው። እጄን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኔ ሰድጄ ፍሬው ሲንሿሿ ካልሰማሁ አልቀበልም። ሾፌሮቹ "ሞገስ ምራቁን የዋጠ ሰሊጥ እንኳ አያስገባም" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በዚህ ሙያዬ ኩራቴ ትልቅ ነበር፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

በጤና ጣቢያችን ራሞን የሚባል የኩባ ሐኪም ነበር፤ ለሁለት ዓመት የተላከ፣ ረጅም፣ ጢሙ ጥቁር፣ ሲስቅ ጠቅላላ ሰውነቱ የሚስቅ ሰው። አማርኛ የሚናገረው ግስ እየዘለለ ነው። ያልጋነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወባ ይዟት ራሷን በሳተች ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ሳይነሣ፣ ላቧን በገዛ እጁ እየጠረገ አትርፎልኛል። ልጃችንም በሰላም ተወለደች። እንግዲህ ለዚህ ሰው ምን አይደረግለትም? ዶክተሩ አንዲት የዝግባ ሳጥን ነበረችው። አባቱ አርባ ዓመት ሙሉ ሲጋር ሲጠቀልሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ሲመጣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ አንድ ብለው ሃያ አራት ጠቅልለው ሰጥተውታል። እሱም በየወሩ መጀመሪያ እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንዷን ያጨሳታል፤ ሽታው ጤና ጣቢያውን አልፎ ገበያው ድረስ ይደርስ ነበር። ኋላ አባቱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሥራቸውን እንዳቆሙ ደብዳቤ መጣለት። "ሌላ የለም" አለኝ ያን ቀን፣ ሳጥኑን እየነካ። "የአባት እጅ፣ ይሄ መጨረሻ።"

ታኅሣሥ ላይ በድንገት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ለአንድ ወር ሥራ ተጠራ። ጭነት መኪና ላይ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ፀሐይ ሳጥኑን ይዞ መሄድ አልሆነለትም። የቀሩትን ዐሥራ አንድ ሲጋሮች ከነሳጥናቸው አምጥቶ እቤቴ አስረከበኝ። በውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ እርጥብ ጥጥ። "ጓድ ሞገስ፣ ደረቅ፣ ሞት። ብዙ እርጥብ፣ ሞት። መሐል፣ ሕይወት" አለኝ በጣቱ እያሳየ። በየሳምንቱ ጥጡን በፈላ ውሃ አርሼ እንድመልስም ነገረኝ። "አደራ" የምትለዋን ቃል ግን ያለ ስሕተት አላት። "አታስብ ዶክተር፣ ከእኔ የተሻለ ዕቃ ጠባቂ ቆላው ውስጥ የለም" አልኩት። ያልጋነሽም ከጎኔ ሆና ራሷን ነቀነቀችለት።

በሳምንቱ ከፈትኩት። እጄን ሰደድኩ፤ ሲጋሮቹ ለስለስ ብለዋል፣ ሲጫኗቸው እሺ ይላሉ። ግምጃ ቤተኛው ልቤ ዘለለ። ጆንያ ቢሆን ኖሮ መልሼ እጭነው ነበር! እርጥብ ጥጥ ከቅጠል ጋር ዘግቶ ማስቀመጥ? ሰውየው ሐኪም ነው፣ ስለ ዕቃ አያያዝ ምን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ጥጡን አውጥቼ ጣልኩና ግቢያችን ውስጥ ንጹሕ ሸራ ዘርግቼ ዐሥራ አንዱንም እንደ በርበሬ አሰጣሁ።

"አንተ ሰው፣ ምን እያደረክ ነው?" አለች ያልጋነሽ ከበሩ ላይ።

"እርጥበቱን ላወጣለት ነው።"

"እሱ ጥጡን አርስ ነው ያለህ። እኔ ሰምቻለሁ።"

"እሱ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። ሊሻግት ነው። አደራ እኮ ነው ያልጋ!"

"አደራማ ሰጪው እንዳለው ነው እንጂ ተቀባዩ እንዳማረው ነው እንዴ የሚጠበቀው?" ብላኝ ገባች። እኔ ግን ጠዋት ማታ እያገላበጥኩ ሦስት ቀን ሙሉ አስጣኋቸው። መተማ ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን! በሦስተኛው ቀን አንዱን አንሥቼ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ጫን ሳደርገው እንደ ደረቀ ሰሊጥ ተንሿሿ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከጫፉ እስከ መሐሉ ተሰንጥቆ የውጭ ቅጠሉ ተገለጠ። ሌላውን ባነሣ ከጎኑ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። ሽታውም ጠፍቷል፤ ድርቆሽ ድርቆሽ ነው የሚለው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእኚያ ሽማግሌ አባት እጅ ከእንግዲህ ሌላ አይጠቀልልም፤ እኔ ደግሞ የመጨረሻውን እንደ በርበሬ አድርቄዋለሁ። ሚስቴንና ልጄን ለመለሰልኝ ሰው የመለስኩለት ይህንን ነው። ሸራው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያልጋነሽ ወጥታ አየችኝ፤ የፈራሁትን ቃል አልተናገረችም። "ተነሥ፣ ሐጂ ዘንድ ሂድ። ትምባሆ የሚያውቅ እሳቸው ናቸው" አለችኝ።

ሐጂ እድሪስ የጋላባት ሰው ናቸው፤ በገበያ ቀን ድንበሩን ተሻግረው ቶምባክ ይሸጣሉ፣ ማለትም ሱዳኖች ከከንፈራቸው ሥር የሚያደርጉትን እርጥብ ትምባሆ። ሸቀጣቸው ሁልጊዜ በራሰ ጆንያ እንደተሸፈነ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ሲጋሩን በመዳፋቸው ይዘው ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያም እኔን።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህን ምን አገኘው?"

"ፀሐይ፣ ሐጂ። እኔ ነኝ ያሰጣሁት።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! ትምባሆ ሰሊጥ መሰለህ? ሰሊጥ ሲደርቅ ይኖራል፣ ትምባሆ ሲደርቅ ይሞታል።"

"ውሃ ላርከፍክፍበት?"

"ውሃ ከነካው ኸላስ፣ በቃ አለቀ፣ ይፈነዳል። ትምባሆ በአፉ አይጠጣም ልጄ፣ ከአየሩ ነው የሚጠጣ። ቀስ ብሎ። የተራበን ሰው ባንድ ጊዜ ታጎርሰዋለህ እንዴ?" ይህን ብለው ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ተከትለውኝ መጡ። "ይግቡ ሐጂ፣ ይቀመጡ" እያለች ያልጋነሽ መደቡን ስታራግፍላቸው እሳቸው ግን የቤቱን ማዕዘን እየዞሩ ይዳስሱ ነበር። በመጨረሻ ከዚሩ ሥር ቆሙ። ዚር ማለት ቆላው ሁሉ ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ በእንጨት እግር ላይ ይቆምና ሌት ተቀን ያልበዋል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ቤቱ ሁሉ ምድጃ ሲሆን እንኳ ቀዝቃዛ ነው። "ቤቱ ይሄ ነው" አሉ።

ከዚያ ያልጋነሽን የቡና ሲኒ ጠየቋት። ከፖርት ሱዳን የሚመጣውን ደረቅ ጨው ሲኒው ላይ ሞልተው ጥቂት ውሃ ጠብ ጠብ አድርገው እንደ ወፍራም ገንፎ አደረጉት። የዝግባውን ሳጥን ክዳኑን ከፍተው አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ፣ ጨው ያለበትን ሲኒ ከጎኑ አቆሙ፣ ቆርቆሮውን ከደኑትና ከዚሩ ሥር ገፋ አደረጉት። "ጨው ዳኛ ነው" አሉኝ። "አየሩ ሲደርቅ ካለው ውሃ ይሰጣል፣ አየሩ ሲረጥብ ይቀበላል። አንተ ሲኒውን ብቻ እይ። ከደረቀ ውሃ ጠብ አድርግ፣ ከዋኘ ውሃውን ደፍተህ ጨው ጨምር። ሲጋሩን አትንካ። እጅህን አውቃታለሁ፣ አታርፍም።" ለስንጥቁ ደግሞ ከበረሃው የሚለቀመውን የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙተው ሲያበቁ፣ ከወር በኋላ ቅጠሉ ሲለሰልስ ያልጋነሽ በላባ ጫፍ እየቀባች እንድታጣብቀው አስተማሯት። እኔን አላስተማሩኝም።

ዶክተሩ ለአንድ ወር ብሎ ሄዶ ዐሥር ወር ቀረ። የዚያን ዓመት ወራት እንዲህ አድርጌ አውቃቸዋለሁ፤ በመጋቢት ሲኒው በሦስት ቀን ይደርቃል፣ በሚያዝያ በሁለት ቀን፣ በግንቦት ማለዳ አጠጥቼው ወደ ሥራ እሄድና በምሳ ሰዓት ልቤ እየመታ እመለሳለሁ። አንድ ቀን የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ስለ ምርት ዕቅድ እየተናገረ ሳለ "ውሃ አላጠጣሁትም!" ብዬ ብድግ ስል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ማንን ነው ጓድ?" ቢለኝ "ሲኒውን" አልኩ፤ እስከ ክረምት ድረስ ስሜ ሲኒው ሆኖ ቀረ። ሰኔ ገባና መንገዱ በጭቃ ሲቆረጥ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የቤቱ ግድግዳ ይረጥባል፣ ጫማዬ ባንድ ሌሊት አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል፣ ጨዉ በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ደፋሁ፣ ጨመርኩ፣ ደፋሁ፣ ጨመርኩ። ሲጋሮቹ ላይ አንዲት ነጥብ ሻጋታ አልታየችም። ያልጋነሽ በሙጫ ያጣበቀቻቸው ሁለቱ ስንጥቃቸው የት እንደነበረ እኔ እንኳ ፈልጌ አጣሁት። ሽታው ተመለሰ። ሐጂ በመጡ ቁጥር አንዴ ያሸቱና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ይሄዳሉ፤ ያቺ መታ መታ ከደመወዜ ትበልጥብኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ የሰሊጡ አጨዳ ደርሶ ከተማው በደገኛ ሠራተኛ በተሞላበት ሰሞን፣ ዶክተር ራሞን ከስቶና ፀሐይ አጥቁሮት መጣ። ሁለት ዓመቱ አልቋል፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ የመጣው ሊሰናበተንና ሳጥኑን ሊወስድ ነው። "ዐሥራ አንድ፣ ሁሉ ለአባት" አለ። "እኔ አላጨስም። አባት ራሱ፣ ደጃፍ ላይ፣ እኔ ክብሪት።" እሳቸው እጃቸው ከታመመ ወዲህ የገዛ ሥራቸውን አልቀመሱም፤ ልጅየው ሊያስቀምሳቸው ነው። ሳጥኑን ከዚሩ ሥር አወጣሁለት። እጁን ሰደደና አንዱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በሁለት ጣቱ በዝግታ አሻሸው። ያልጋነሽ እኔን እያየች ነው፤ ንገረው እያለችኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቀደመኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አንገቴን አቅፎ "ወንድሜ! መሐል! መሐል!" እያለ ጮኸ። እንዲህ ለሚያቅፈኝ ሰው እንዴት ብዬ ፀሐዩን ልናገር? ዋጥኩት። ያፈርኩት ግን እሱ ከሄደ በኋላ ባደረግሁት ነው፤ ለሻይ ቤቱ፣ ለሾፌሩ፣ ለክበቡ ሁሉ ዐሥር ወር ሙሉ የኩባን ሲጋር በጥበቤ እንዴት እንዳቆየሁ እያወራሁ አንድ ዓመት ኖርኩ። ሸራው ከወሬው ውስጥ ወጥቷል፤ ሐጂም ትንሽ ትንሽ እያሉ ወጡ። ያልጋነሽ ስትሰማኝ እየተነሣች ትሄድ ነበር።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ተከፍቶ ተመልሶ የተጣበቀ ነው፤ ያን ጊዜ እንዲህ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የትምህርት ቤቱን መምህር ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠርቼ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማልኝ ብዬ ሰበሰብኩ። ገበያ ቀን ስለነበረ ሐጂም አሉ፣ ያልጋነሽም ልጃችንን ይዛ መጥታለች። መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ እየተረጎመ ማንበብ ጀመረ። "አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ክብሪቱን ጫርኩ። ሁለት ጊዜ ሳበ። ከዚያ ሲጋሩን እያገላበጠ 'ይህን ልጅ ፀሐይ መትቶት ነበር' አለኝ።" መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "'ሞቶ ነበር፤ አንድ ሰው መልሶታል። ጨው ይሸተኛል። እዚህ ጎኑ ላይ ደግሞ በሙጫ ተጠግኗል፤ የጠገነው እጅ ከእኔ እጅ የጠራ ነው። እኔ በአርባ ዓመት እንዲህ የደረቀ ሲጋር ሲያጋጥመኝ እጥለው ነበር። ያልጣለው ሰው ማን ነው? ጻፍለትና ጠይቅልኝ፤ እንዴት አድርጎ መለሰው?' ጓድ ሞገስ፣ አባቴ መልስ እየጠበቀ ነው። የቀሩትን ዐሥሩን አልነካም፣ ሳላውቅ አላጨስም ብሏል።"

ደጃፉ ላይ አንዱ ሾፌር "ፀሐይ?" ብሎ ሲጠይቅ ሐጂ እድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ከሳቸው ወደ ሾፌሮቹ፣ ከሾፌሮቹ ወደ ጫኞቹ ዞረ። እኔም ብስቅ ይሻለኛል ብዬ ሳቅሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ሽማግሌ በሁለት ትንፋሽ ያወቁትን፣ እኔ ከጎረቤቶቼ አንድ ዓመት ደብቄዋለሁ። "መምህር፣ መልሱን እዚሁ ይጻፉልኝ" አልኩና ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ያን ጊዜ ያልጋነሽ ልጃችንን ለሐጂ አስታቅፋ ወደ መምህሩ ተጠጋች።

"እኔ ላስጽፍዎ፣ እሱ ያሳጥረዋል" አለች። "እንዲህ ይበሉልኝ፦ ጤና ይስጥልኝ አባታችን። ጥጡን ጥሎ ሦስት ቀን በሸራ ያሰጣው ባለቤቴ ሞገስ ነው። ጨውን ያሳዩን የጋላባቱ ሐጂ እድሪስ ናቸው። ሙጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዐሥር ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘነጋ ሲኒውን ያጠጣው ግን እሱ ነው፤ ይህንንም ይወቁለት። እንግዲህ ዐሥሩን ያጭሱ።"

መምህሩ ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ለኔ ሰጠኝ። ሁሉም እያዩኝ ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት።